ፍሰቱን የሚያነብ ሕዋስ፦ መካኒካዊ ኃይልና የደም ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት አንድ ያልከፈልሁት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት የልብና የደም ቧንቧ ፊዚዮሎጂ ሳስተምር፣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣችና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «መምህር፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኮሌስትሮል በሰውነታችን ሁሉ አንድ ነው። ታዲያ የስቡ ክምችት ቧንቧው በሚከፈልበትና በሚታጠፍበት ቦታ የሚበረታው ለምንድን ነው? ቀጥ ያለው ክፍልስ እንዴት ይተርፋል?» እኔም ሳላመነታ «በመታጠፊያው ላይ ደሙ በኃይል ስለሚመታው ግድግዳው ይቆስላል፤ ስቡም በቁስሉ ላይ ይለጠፋል» ብዬ መለስሁላት። ተማሪዋ የነገርኋትን ጻፈች። በፈተናውም ላይ ያንኑ መልሳ ስትጽፍ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። መልሴ ግን ስሕተት ነበር፤ እንዲያውም እውነቱ ወደ ተቃራኒው ያደላ ነበር። ዛሬ የምናገረው ለዚያች ተማሪ ያኔ ልሰጣት ይገባ የነበረውን መልስ ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። ደም ከልብ በሚወጣባቸው በደም ቅዳ ቧንቧዎች ውስጥ ሲፈስ በግድግዳው ላይ ሦስት ዓይነት ኃይል ያሳርፋል። አንደኛው ግድግዳውን ወደ ውጭ የሚገፋው ግፊት ነው። ሁለተኛው ልብ በመታ ቁጥር ቧንቧው ሰፋ ብሎ ሲመለስ በዙሪያው የሚፈጠረው መለጠጥ ነው። ሦስተኛው ደሙ የግድግዳውን ገጽ እየታከከ ሲያልፍ ያንን ገጽ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ የሚጎትትበት ኃይል ነው። የምሕንድስና ባለሙያዎች ይህን ሦስተኛውን ሺር ስትረስ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር የሰበቃ ጫና እያልሁ እጠራዋለሁ።

የእነዚህን ኃይሎች መጠን እናነጻጽር። ሐኪም «ላይኛው ግፊትህ 120 ነው» ሲል በፓስካል ሲሰላ 16,000 ያህል ማለቱ ነው። የሰበቃ ጫናውን ደግሞ በቀላል ስሌት መገመት እንችላለን፤ አማካዩን የፍሰት ፍጥነት በደሙ ዝልግልግነት፣ ውጤቱንም በስምንት አባዝቶ ለቧንቧው ወርድ ማካፈል ነው። ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ደም በአማካይ በሰከንድ 25 ሴንቲ ሜትር ቢጓዝ፣ ዝልግልግነቱንም 3.5 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ ብንይዝ፣ የምናገኘው 1.2 ፓስካል ገደማ ነው። በእርግጥ ይህ ስሌት ፍሰቱን የማይዋዥቅ፣ ቧንቧውንም ቀጥ ያለ አድርጎ የሚወስድ ግምት ነው። ቢሆንም መጠኑን ያሳየናል፤ የሰበቃው ጫና ከግፊቱ በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ደካማ ኃይል ለግድግዳው ምንም አይለውም ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። እኔም ለተማሪዬ ስመልስ የነበርሁት በዚሁ አስተሳሰብ ውስጥ ነው።

የእኔ ስሕተት ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። አሜሪካዊው ዶናልድ ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት በውሾች ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ፣ በአኦርታ ውስጥ፣ ፍሰቱን በማጥበብ የሰበቃውን ጫና ከፍ አድርጎ ነበር። ጫናው ከ38 ፓስካል ገደማ ሲያልፍ ውስጠኛው ሽፋን ተጎድቶ አገኘው። «ኃይለኛ ፍሰት ያቆስላል» የሚለው ሐሳብ በዚህ ተጠናከረ። ይሁን እንጂ በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ይሠራ የነበረው ኮሊን ካሮ ከባልደረቦቹ ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ነገር ይዞ ብቅ አለ። እነ ካሮ ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ ቧንቧዎችን መርምረው፣ የመጀመሪያዎቹ የስብ ምልክቶች የሚታዩት የሰበቃው ጫና ከፍ በሚልበት ሳይሆን ዝቅ በሚልበት ቦታ መሆኑን አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ኩ፣ ጊደንስ፣ ዛሪንስና ግላጎቭ የአንገቱ ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ግድግዳው የሚወፍረው ሰበቃው ዝቅተኛ በሆነበትና በእያንዳንዱ የልብ ምት አቅጣጫውን ወዲያና ወዲህ በሚቀያይርበት በኩል እንደሆነ አሳዩ።

በመንታ መንገዱ ላይ ደሙ ፊት ለፊት የሚያርፍበት ጉጥ ሰበቃው ከፍተኛ ሆኖ ሳለ በአብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። የሚታመመው ፍሰቱ የሚሰንፍበትና የሚሽከረከርበት የውጭው ጎን ነው። ወገኖቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት እዚህም ይሠራል፤ አደጋው የተጋረደው በሚጮኸው ፍሰት ሳይሆን በሚለግመው ፍሰት ሥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ምሳሌ ወደ አእምሯችሁ መምጣቱ አይቀርም። ወንዝ ሲታጠፍ ውሃው በሚሰንፍበት በኩል ደለል ይጥላል፤ ቦይ የሚጠርግ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስቡስ እንደ ደለል የሚዘቅጥ አይደለምን? በከፊል እውነት አለው፤ ሰነፍ ፍሰት ቅንጣቶች ከግድግዳው አጠገብ የሚቆዩበትን ጊዜ ያረዝማል። ነገር ግን ምሳሌው ዋናውን ነገር ይደብቅብናል። የወንዝ ዳር አፈር ነው፤ ውሃው ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም። የቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ግን ሕያው ነው። ኢንዶቴሊየም ተብሎ የሚጠራ አንድ ረድፍ ስስ ሕዋሳት ከልብ ጀምሮ እስከ መጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች ድረስ ውስጡን ሁሉ ይሸፍነዋል። እነዚህ ሕዋሳት የፍሰቱን መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንና ጠባዩንም ያነብባሉ፤ ባነበቡትም መሠረት ጠባያቸውን ይለውጣሉ።

ይህን ለመቀበል የሕክምና ሳይንስ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። ለብዙ ዘመን ኢንዶቴሊየም እንደ መጠቅለያ ወረቀት፣ ደሙ ከግድግዳው ጋር እንዳይነካካ ብቻ እንደተነጠፈ ነገር ይታይ ነበር። አመለካከቱን ከቀየሩት ግኝቶች አንዱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በኒውዮርክ ብሩክሊን ይሠራ የነበረው ሮበርት ፈርችጎት የጥንቸልን አኦርታ በቁራጭ እየቆረጠ ለዓመታት ሲያጠና፣ አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ቁራጩን ሲያኮማትረው ያይ ነበር። በሕያው አካል ውስጥ ግን ይኸው ንጥረ ነገር ቧንቧን ያሰፋል። ተቃርኖው ለዓመታት ሳይፈታ ቆየ። ከዕለታት አንድ ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ ከተለመደው አሠራር የወጣ አንድ ሙከራ ተደረገ፤ ቁራጩም ከመኮማተር ይልቅ ላላ። ምክንያቱ ሲፈለግ ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በቀድሞው አዘገጃጀት የቁራጩ ውስጠኛ ገጽ ሳይታወቅ ይታሽ ስለነበር ኢንዶቴሊየሙ ተፍቆ ይወገድ ነበር። ፈርችጎትና ዛቫድስኪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙ፤ ጡንቻው እንዲላላ መልእክት የሚልከው ያ ተራ ሽፋን ነው። መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ፈርችጎትም ከሉዊስ ኢግናሮና ከፈሪድ ሙራድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ለርእሳችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ1986 የታየው ነው፤ ምንም ኬሚካል ሳይጨመር የፍሰቱ መጨመር ብቻውን ኢንዶቴሊየሙ ያንን አስፊ ንጥረ ነገር እንዲለቅ ያደርገዋል።

ይህንን በራሳችን ክንድ ላይ ማየት ይቻላል። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ በክንድ ላይ አስሮ ፍሰቱን ለአምስት ደቂቃ ማቆም፣ ከዚያ በድንገት መልቀቅ ነው። ደሙ በብርታት ሲመለስ ሰበቃው ይጨምራል፤ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላም የክንዱ ደም ቅዳ ቧንቧ መስፋቱ በአልትራሳውንድ ይታያል። ጤናማ ኢንዶቴሊየም ያለው ሰው ቧንቧ በደንብ ይሰፋል፤ የሚያጨስ ሰው ቧንቧ ግን መልሱ ይደክማል።

እስካሁን ያየነው የደቂቃዎችን ምላሽ ነው። የቀናቱ ምላሽ ከዚህም ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 ዲዊና ባልደረቦቹ በቤተ ሙከራ ያደጉ የኢንዶቴሊየም ሕዋሳትን ለማይናወጥና በአንድ አቅጣጫ ለሚጓዝ ፍሰት አጋለጧቸው። ቅርጽ አልባ እንደ ጠጠር ንጣፍ የነበሩት ሕዋሳት ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ረዝመው፣ እንደ ዓሣ መንጋ ሁሉም ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ተሰለፉ። ፍሰቱ ሲናወጥ ግን መሰለፉ ይቀራል፤ ሕዋሳቱም ማረፋቸውን ትተው መከፋፈል ይጀምራሉ። በሕዋሱ አስኳል ውስጥም ልዩነቱ ይታያል። የተረጋጋ ፍሰት ኬኤልኤፍ 2 እና ኬኤልኤፍ 4 የተባሉትን የጂን ተቆጣጣሪዎች ያነቃቃል፤ እነርሱም እብጠትንና የደም መርጋትን የሚገቱ ጂኖችን ያሠራሉ። የተናወጠ ፍሰት ደግሞ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን የእብጠት መንገድ ይከፍታል፤ ሕዋሱም ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚይዙ መንጠቆዎችን በገጹ ላይ ያበቅላል። አንድ ዓይነት ጂን ያላቸው ሁለት ጎረቤት ሕዋሳት አንዱ ጤነኛ፣ ሌላው ለሕመም የተመቻቸ የሚሆኑት እንዲህ ነው።

ሕዋሱ ይህን ሁሉ በምን ይሰማዋል? አንድ ብቸኛ «ጆሮ» አልተገኘለትም። አንዱ ዳሳሽ ፒየዞ 1 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ፣ ሽፋኑ ሲወጠር የሚከፈትና ካልሲየምን ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው። ይህን ፕሮቲን የለየው የአርደም ፓታፑቲያን ቤተ ሙከራ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳተመ፤ ፓታፑቲያንም እ.ኤ.አ. በ2021 ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ፒየዞ 1 የሌላቸው የአይጥ ጽንሶች የደም ቧንቧዎቻቸው በወጉ ሳይደራጁ በማኅፀን ውስጥ ይሞታሉ። ሌላው ዳሳሽ ያለው ሕዋስ ከሕዋስ በሚጋጠምበት ድንበር ላይ ነው፤ በዚያ ያሉ ሦስት ፕሮቲኖች በአንድነት ሰበቃውን ወደ ኬሚካላዊ መልእክት እንደሚተረጉሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ታይቷል። በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለው የስኳር ልባስና በውስጡ የተዘረጋው የፕሮቲን ማገርም ኃይሉን ከጫፍ ወደ ጫፍ ያስተላልፋሉ። ነገሩን ስናጠቃልለው ሕዋሱ ሁለንተናው ዳሳሽ ነው ማለት ይቻላል።

ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቧንቧው ራሱን መልሶ ይገነባል። ፍሰቱ ባይለወጥና የቧንቧው ወርድ በ26 በመቶ ቢሰፋ የሰበቃው ጫና በግማሽ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ጫናው ከወርዱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ቧንቧው በጥቂቱ በመስፋትና በመጥበብ ሰበቃውን ወደለመደው መጠን መመለስ ይችላል። ላንጊልና ኦዶኔል እ.ኤ.አ. በ1986 በጥንቸሎች አንገት ቧንቧ ውስጥ ፍሰቱን በ70 በመቶ ሲቀንሱት፣ ቧንቧው በሁለት ሳምንት ውስጥ በ21 በመቶ ጠበበ። ኢንዶቴሊየሙ አስቀድሞ ሲወገድ ግን መጥበቡ ቀረ። ለጡንቻው ትእዛዝ የሚሰጠው አሁንም ያ ስስ ሽፋን ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ የቅርብ ነገር ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱ ሥራ ባቆመ ጊዜ የኩላሊት እጥበት ጀመረ። ለእጥበቱም በእጁ አንጓ አጠገብ ፊስቱላ ተሠራለት። ፊስቱላ ሲባል በአገራችን ቀድሞ የሚታወሰው በወሊድ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ እኔ የምናገረው ግን ሐኪም ሆን ብሎ ደም ቅዳ ቧንቧን ከደም መልስ ቧንቧ ጋር በማጋጠም ስለሚሠራው ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ በእነ ብሬሺያና ቺሚኖ ከቀረበ ጀምሮ እስከ ዛሬ ተመራጭ ሆኖ ዘልቋል። የሚሠራውም ዛሬ በተናገርሁት ሕግ ነው። ደም መልሱ ለምዶት የማያውቀው ብርቱ ፍሰት ሲመጣበት ሰበቃውን ለማቃለል ራሱን ያሰፋል። ባለሙያዎች በስድስት ቁጥር ያስታውሱታል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ፍሰቱ በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር ቢደርስ ለመርፌ ዝግጁ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱን ቧንቧዎች ያጋጥማል እንጂ ፊስቱላውን አሳድጎ ለአገልግሎት የሚያበቃው ሰበቃውን የሚያነብበው ሕዋስ ነው።

ወንድሜ ቤቱ በሄድሁ ቁጥር ክንዱን ዘርግቶ «እስኪ ጣትህን አሳርፍበት፤ ምንጭ የሚፈልቅ አይመስልም?» ይለኝ ነበር። እውነትም ከቆዳው በታች የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማ ነበር። በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ ደውሎ «ዝም አለ» አለኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ደም መልሱ ከመጋጠሚያው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጠብቦ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ግን እንደተፈለገው ሰፍቶ ነበር። በሕመምተኛው አጠገብ ቆሜ ያየሁት የተማሪዬን ጥያቄ ነው። ክንዱ አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ቀዶ ሐኪሙም አንድ ነው፤ ታዲያ ለምን እዚህ ሰፋ፣ እዚህ ደግሞ ጠበበ? ደሙ ከደም ቅዳው በጠባብ ማእዘን ታጥፎ ሲገባ በመጋጠሚያው አካባቢ ይናወጣል፤ ፍሰቱ አቅጣጫውን የሚቀያይርባቸው ጥጋጥጎች ይፈጠራሉ፤ የውስጡ ሽፋንም በዚያ ያብጣል፣ ይወፍራል። ራቅ ብሎ ፍሰቱ ሲረጋጋ ሕዋሱ የሚያነበው ሌላ ነው። ወንድሜ በላይኛው ክንዱ ሌላ ፊስቱላ ተሠርቶለት እጥበቱ ቀጠለ። ለሁሉም ሕመምተኛ ግን ሁለተኛ ዕድል አይገኝም፤ ክንድ ያለው ቦታ የተወሰነ ነው፤ ወጪውንም የምታውቁት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ግን ነገሩን ሁሉ በኃይል አልተረጉመውም። ፊስቱላ በሌላም ምክንያት ይዘጋል፤ ከመጀመሪያው ቀጭን የነበረ ደም መልስ፣ በተደጋጋሚ የተወጋ ቦታ፣ የግፊት መውረድ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የደም ቅዳ ቧንቧ መደደርም ያለ ኮሌስትሮል፣ ያለ ትንባሆ፣ ያለ ስኳር ሕመምና ያለ ከፍተኛ ግፊት በፍሰት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ትክክለኛው አባባል ይህ ይመስለኛል፦ የደሙ ኬሚስትሪ ሕመሙ ይመጣ እንደሆነ ይወስናል፤ ፍሰቱ ደግሞ የት እንደሚያርፍ ይመርጣል።

ለተማሪዎቼ ሁለት ነገር ልተው። የመጀመሪያው ስለ ሙከራዎቻችን ነው። የኢንዶቴሊየም ሕዋሳትን በማይንቀሳቀስ ሳህን ላይ አሳድገን መድኃኒት ስንሞክርባቸው፣ በሰው አካል ውስጥ እምብዛም በሌለ ጸጥታ ውስጥ ያለ ሕዋስ እየጠየቅን ነው። መልሱን «የጤነኛ ቧንቧ መልስ» ብለን መጻፍ የለብንም። ፍሰት ለመስጠት ደግሞ ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ሳህኑን በማሽከርከሪያ መወዝወዣ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ዓለም ይፈጥራል፤ በዳርቻው ላይ አቅጣጫው የጸና ከፍ ያለ ሰበቃ፣ በመካከሉ አቅጣጫው የሚዋልል ዝቅተኛ ሰበቃ ይኖራል። በዚህ መሣሪያ ብቻ ጥሩ የማስተርስ ጥናት መሥራት ይቻላል።

ሁለተኛው ስለ ግድግዳዎቻችን ነው። ይህን ሳይንስ ያቃኑት ሐኪሞችና መሐንዲሶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በመቀመጣቸው ነው። በእኛ ግቢ ውስጥ የሕክምናና የምሕንድስና ክፍሎች የሚለያዩት በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ እኔ ያንን መንገድ ለመሄድ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ተሻገሩት።

ያቺ ተማሪ ዛሬ የት እንደምትሠራ አላውቅም። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ታነበው ይሆናል። እንዲያ ከሆነ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ ሙሉ ነጥብ የሚገባው እርሱ ነበር፤ መልሱ ግን አይገባውም ነበር።